አለስልሰህ ንገርልኝ

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ዛሬ አቡ ናስር ሹፌሮቹን በሙሉ መጋዘኑ በር ላይ ሰብስቦ አዲሱን ሥርዓት ነገረን። አለቃችን እሱ ነው፤ ማን ምን ነድቶ የት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ከእንግዲህ አንድ ሹፌር ዛሬ ሩቅ ነገ ቅርብ እየተባለ አይላክም። የከተማ የሆነ የከተማ ነው፤ የሩቅ የሆነ የሩቅ። የከተማው ከደማም ወደብ ሴራሚክ ጭኖ፣ ኾባር ቢበዛም ጁበይል አራግፎ፣ ማታ አልጋው ላይ ያድራል። የሩቁ ተሳቢ ይዞ ሪያድ፣ ሀፍር አል-ባጢን፣ አንዳንዴም አራር ነው። ሄደ ሲሉት ሳምንት ይቆያል። የሩቁ ክፍያ ይሻላል፤ ሆኖም የሁሉም ዓይን ያለው የከተማው ላይ ነው።

የከተማው ሥራ ዲና በሚባሉ ሰባት ትንንሽ የጭነት መኪኖች ነው የሚሠራው። ስድስቱ ሹፌር አላቸው። የሰባተኛው ፓኪስታናዊ ነበር፤ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ አገሩ ገብቷል። አንድ ባዶ ዲና። ለሱ የሚበቃ ዘመን የሠራን ሁለት ነን፤ እኔና ጋሼ ጉደታ።

ወገቤ ከመጨረሻው የሪያድ ጉዞ ወዲህ አልተቃናም። የዲናው ወንበር አዲስ ነው፤ ማቀዝቀዣውም ይሠራል። ይህን እንዲሁ ነው የምጽፈው። ዋናው ምክንያቴ እታለም ናት።

ኅዳር 6፣ አርብ

ባለቤቴን ከአምስት ሳምንት በኋላ ኾባር ባሕሩ ዳር አገኘኋት። የምትሠራበት ቤት ማዳም አርብ ከዘጠኝ እስከ አንድ ሰዓት ትፈቅድላታለች። የሁለት ዓመት ውሏ ጥር ላይ ያልቃል። ካፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ታድሺያለሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«ባሌን ልጠይቅ አልኩት።» ውሃውን እያየች ነበር የምታወራው። «ሰው ባል አላት ይለኛል። እኔ ግን ባሌን የማውቀው በስልክ ነው። አርብ አርብ እንኳ የማላገኝህ ከሆነ እዚህ ምን እሠራለሁ? እናቴ ጋ እገባለሁ።»

«ዲናውን ካገኘሁ በየአርቡ እመጣለሁ።»

«ጋሼ ጉደታስ?»

«እሱ ምን ሆነ?»

«እሱም የሚፈልገው መስሎኝ።»

እኔንና እሷን ሽማግሌ ሆኖ ያጋባን ጋሼ ጉደታ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ስለሱ ትጠይቃለች።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ጋሼ ጉደታ፣ ለታና እኔ አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። ዛሬ ማታ ለታ ልብስ ሊያጥብ ሲወጣ ጠብቆ ጋሼ ጉደታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስኳር አለበት። እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ አረብኛው ጫን፣ አራግፍ፣ ቶሎ በል ከሚለው ብዙ አላለፈም። እኔ ጅዳ አንድ ቤት ስድስት ዓመት ልጆች ትምህርት ቤት ሳመላልስ የለመድኩት አረብኛ አለኝ። የድርጅቱ ሐበሻ ሁሉ አፉ እኔ ነኝ።

«አሳምነው፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። «ዓይኔ ማታ ማታ እምቢ ብሎኛል። ከፊት የሚመጣ መብራት እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው የሚሆንብኝ። ባለፈው ከሪያድ ስመለስ መንገዱን ስቼ አሸዋ ውስጥ ገብቼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ሐኪም ምን አለህ?»

«ስኳሩ ነው አለኝ። ቀን ቀን ደህና ነኝ። የከተማውን ቢሰጠኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እገባ ነበር። እስቲ ለአቡ ናስር ንገርልኝ። ግን አለስልሰህ ንገርልኝ፤ ዕውር ነው ብሎ እንዳያባርረኝ።»

እሺ አልኩት። ምን ልበል?

«አንተም እንደምትፈልገው አውቃለሁ» አለ ሲነሳ። «ግን ልጅ ነህ፤ ተራህ ይደርሳል።»

ተራህ ይደርሳል። የኔ ተራ መቼ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው ማለት ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጅ አይደለሁም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ከጋሼ ጉደታ ጋር አቡ ናስር ቢሮ ገባን። ተናገርኩለት። አለስልስ ብሎኝ የለ፤ አለሰለስኩት። አቡ ናስር ሳቀና የጋሼ ጉደታን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ጋሼ ጉደታም አብሮ ሳቀ። ስንወጣ «ጥሩ ሰው ነው፤ የገባው ይመስለኛል» አለኝ።

«ገብቶታል» አልኩት።

ራት አልበላሁም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዲናው ለኔ ሆነ። ለጋሼ ጉደታ የሩቁ።

ወረቀቱ በር ላይ ሲለጠፍ ለታ ነው ያነበበለት። ክፍል ስገባ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ።

«ሞክረህልኛል» አለኝ። «የሰው አገር ነው፤ እነሱ እንዳሰኛቸው ነው። ለእታለም ንገራትና ደስ ይበላት።»

«ለሩቁ ልምድ ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት» አልኩት።

ይህ ውሸት አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሥራው ቀላል ነው። ኾባር ሸማሊያ ሰፈር ያሉት ሱቆች ለማቆሚያ ይጠባሉ እንጂ ሌላ ችግር የለም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ክፍሌ ነኝ።

ዛሬ ጋሼ ጉደታ ሀፍር አል-ባጢን ነው። ለታ ተኝቶ ኮርኒሱን እያየ እንዲህ አለ፦

«ሽማግሌው ግን ይገርማል። በዚህ ዕድሜው ሩቁን ራሱ ነው የጠየቀው አሉ።»

«ማን አለ?»

«አቡ ናስር ለጸሐፊው ሲያወራ ሰማሁት። አንበሳ ነው፣ ከተማ ይሰለቸኛል፣ ረጅሙን መንገድ ስጠኝ አለኝ እያለ ያደንቀዋል።»

«ሰው ብዙ ያወራል» አልኩት።

«ከማን አፍ ሰማው ታዲያ? ጋሼ ጉደታ እንደሆነ አረብኛ አይችል።»

«ተኛ፣ ለታ።»

መብራቱን አጠፋሁበት። ይህን የምጽፈው መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ ነው።

ኅዳር 20፣ አርብ

ከእታለም ጋር ዓሣ በላን። ደስ ብሏታል፤ አዲስ ነጠላ ጫማ አድርጋ መጥታለች። ውሉን ለማደስ እያሰበች ነው። ከዚያ መልሳ እሱን አነሳች።

«ጋሼ ሩቁን እንዴት እሺ አለ? ዓይኔን ያመኛል ይለኝ የለ?»

«ክፍያውን ወዶት ነው።»

«ጋሼ? ክፍያ?»

«አንቺ ባልሽን ነው የምትፈልጊው ወይስ ጉደታን?» አልኳት።

የቀረውን ዓሣ አልነካችውም። ስንለያይ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ናት የጠየቀችኝ።

ኅዳር 27፣ አርብ

ደከመኝ። ለእታለም ጭነት አለብኝ አልኳት። ጭነት የለብኝም። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ወገቤ ደህና ነው አሁን።

ታኅሣሥ 8፣ ሐሙስ ይሁን ረቡዕ ጠፋኝ። አይ፣ ማክሰኞ ነው።

ጭጋግ ጀምሯል። ጠዋት ከወደቡ ስወጣ የፊተኛው መኪና ቁጥር አይታይም ነበር። ለኔ ችግር የለውም፤ ሁለት ሰዓት ጠብቄ እሄዳለሁ። የሩቁ አይጠብቅም። ማራገፊያ ሰዓት አለው።

ጋሼ ጉደታ ከአራር ተመልሷል። ከስቷል። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰ። ለታ ዓይቶ በጨርቅ ጠረገው።

«አሳምነው፣ አንዴ እንደገና ብንገባስ? ይኸን ጭጋግ አልቻልኩትም» አለኝ።

«አሁን ብትነግረው ይቆጣል። ሥራው እስኪረግብ ጠብቅ።»

«አንተ ታውቃለህ» አለኝ።

አንተ ታውቃለህ ሲለኝ በሽሙጥ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። በሽሙጥ አይደለም። አምኖኝ ነው።

ታኅሣሥ 18፣ አርብ

ዛሬም ወደ ኾባር አልሄድኩም። ኳስ ነበር።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ጉደታ ደወለ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሪያድ መንገድ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚፈልገውንም አውቃለሁ፤ ልቁምና ልደር፣ ለአቡ ናስር ንገርልኝ ነው የሚለኝ። አቡ ናስር ደግሞ እምቢ ይላል። ታዲያ መካከል ገብቼ ምን አመጣለሁ? ሦስት ጊዜ ደወለ። ጨዋታው ሲያልቅ ልደውልለት ነበር፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

አደጋ። ጋሼ ጉደታ፣ ከሁፉፍ አለፍ ብሎ። በጭጋግ፣ መብራት አጥፍቶ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ከኋላ መታ። የዚያኛው ሹፌር ወርዶ ጎማ ይቀይር ነበር። ሞቷል። የሱዳን ሰው ነው። ስሙን ነግረውኝ ነበር፤ አልያዝኩትም።

ጋሼ ጉደታ በሕይወት አለ። ቀኝ እግሩ ተሰባብሯል።

ስልኬ ላይ ያሉትን ሦስት ጥሪዎች አጠፋኋቸው። ለምን እንዳጠፋኋቸው አላውቅም። ቦታ ይይዛሉ።

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ደማም አምጥተውታል። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ስኳሩ ስላለ አይድንም ብለው ነው። ስኳሩ ነው እንግዲህ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ያሉት ነው።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

የትራፊክ መርማሪ መጣ። አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ዛሬ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 25፣ አርብ

እንቅልፍ የለም። ይጻፍና ይውጣልኝ።

ትናንት አቡ ናስር በራሱ መኪና ነው ሆስፒታል የወሰደኝ። በሩ ጋ ስንደርስ እጄን ያዘ።

«ሽማግሌው ራሱ ሩቁን ፈለገ ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዛሬም ያው ነው። ሙሽኪላ፣ ጣጣ፣ አልፈልግም» አለኝ።

መርማሪው ለስላሳ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጋሼ ጉደታን አላህ ይማርህ ብሎ ነው የጀመረው። የት ተነሳህ፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ ሁሉን ጠየቀ፤ ሁሉንም በትክክል ተረጎምኩ። እግዜር ያውቃል፣ አንዲት ቃል አላጎደልኩም። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት አይቶ እንዲህ አለ፦ «ማታ ዓይኑ እንደማያይ ያውቅ ነበር? ያውቅ ከነበረስ ለድርጅቱ ተናግሯል?»

ይህንንም በትክክል ተረጎምኩለት።

ጋሼ ጉደታ ተገረመ እንጂ አልፈራም። «ነግሬያቸዋለሁ እንጂ። ኅዳር ላይ፣ አንተው ነህ ያናገርክልኝ። አቡ ናስርም ይኸው ቆሟል፤ ይጠይቁት» አለ።

መርማሪው ብዕሩን ይዞ አፍ አፌን ያየኛል። አቡ ናስር መስኮቱ ጋ ቆሟል።

«ለማንም አልተናገርኩም ይላል» አልኩ።

ማ ጉልት ሊአሐድ። እንዲህ ነው ያልኩት። አሥራ አንድ ዓመት ወደብ ላይ የቆመ ሰው አሐድ የምትለዋን ቃል እንደሚያውቃት ረስቼ ነበር። ማፊ አሐድ፣ ማንም የለም፣ በየቀኑ የሚባል ነው። ጋሼ ጉደታ ከትራሱ ቀና አለ።

«ላ» አለ። «አና ጉልት። ሃዳ...»

ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። አይደለም፣ ነግሬያለሁ፣ ይህ ሰው ግን ሊል ነው። የሚቀጥለውን ቃል አጣው። ከንፈሩ ሲፈልገው አየሁ። ቃሉን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

«ምን ይላል?» አለኝ መርማሪው።

«መድኃኒቱ ነው። ይቃዣል» አልኩ።

አጠገቡ የቆመችው አረብ ነርስ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሌሊቱን ማደንዘዣ ሲወስድ ነው ያደረው። መርማሪው ጻፈ።

ስንወጣ ጋሼ ጉደታ በአማርኛ፣ በዝግታ፣ «የመጀመሪያውም ቀን እንዲህ ነበር ያልከው?» አለኝ።

አቡ ናስር በሩን ይዞልኝ ነበር። ወጣሁ።

እዚህ ማንም ስለማያነበው ልጻፈው። ኅዳር 10 ቀን ያልኩት፣ ጉደታ ከተማ ይሰለቸዋል፣ ረጅሙን መንገድ ነው የሚወደው ነው። ሰው ይሞታል ብዬ አይደለም። ሌላ ሰው በኔ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ሚስት አለችኝ። ወገቤም አለ።

እታለም ዛሬ ከኔ ጋር አልተገናኘችም። ጋሼን ልጠይቅ ነው ብላ መልእክት ላከች። አትሂጂ ልላት ነበር፤ ምን ምክንያት እሰጣታለሁ?

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

እታለም ማዳሟ ስትተኛ ደወለች። እንኳን አደረሰህ አላለችም።

«ጋሼ ምን እንደጠየቀኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ማታ አይታየኝም የሚለው በአረብኛ እንዴት ነው አለኝ። ማ አሹፍ ቢለይል ነው አልኩት። በይ ድገሚልኝ አለኝ። እስኪይዘው ድረስ እንደ ሕፃን እየደጋገመ አጠናው። ምን ያደርግልሃል ስለው ፊቱን አዞረ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«አሳምነው፣ ምን ብለህ ነበር የተረጎምክለት?»

«አንቺ አይገባሽም። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ለኔ ብዬ ነው አትበለኝ።»

«ለማን ነው ታዲያ? አርብ አርብ ካላገኘሁህ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«አርብን ነው የጠየቅኩህ» አለች። «የሰው እግር አልጠየቅኩህም። አርቡንም ቢሆን ስንቴ መጣህ?»

ዘጋችው። ስንቴ እንደሄድኩ ቆጠርኩ። አንድ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ጋሼ ጉደታ መርማሪው ሲመለስ ያጠናትን ዓረፍተ ነገር በራሱ አፍ ነገረው። ስለዚህ ዛሬ እንደገና ተጠራን። አሁን የምታስተረጉመው ኬሪያ የምትባል የሆስፒታሉ ነርስ ናት፤ የወሎ ልጅ። እኔ ተጠያቂ ነበርኩ።

አቡ ናስር ቶሎ ብሎ እጁን ታጠበ። «እኔ የሰማሁት ከዚህ ሰው አፍ ነው» አለ። እውነቱን ነው።

«ዓይኑ እንደማያይ ነግሮህ ነበር?» አለኝ መርማሪው።

«ነግሮኝ ነበር።»

«ለምን አልተረጎምከውም?»

«አለስልሰህ ንገርልኝ ብሎኝ ነው።»

ኬሪያ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ያልኩትን ወደ አማርኛ መልሳ ለጋሼ ጉደታ ነገረችው፤ ሥራዋ ስለሆነ። «አለስልሰህ ንገርልኝ ብሎኝ ነው ይላል።»

ጋሼ ጉደታ ብርድ ልብሱን እግሩ በሌለበት በኩል አስተካከለ።

ጥፋቱ ተከፋፈለ። የቆመው መኪና ያለ መብራት ነበር፤ ድርጅቱም ሳያስመረምር ልኮታል። ጋሼ ጉደታ አይታሰርም፤ ወረቀቱ ሲያልቅ አገሩ ይሸኛል። እኔን ማንም ምንም አላለኝም። ለኔ የሚሆን አንቀጽ የለም መሰለኝ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

አቡ ናስር የዲናውን ቁልፍ ተቀብሎኝ ለለታ ሰጠው። «የሽማግሌው መስመር ባዶ ነው» አለኝ። «አንተ ወሬ ታሳምራለህ፤ እዚያ የሚሰማህ የለም።» ጸሐፊው ሳቀ።

ለታ ቁልፉን ይዞ ዓይኔን አላየም። ማታ ፍራሹን ጎትቶ ሌላ ክፍል ገባ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሀፍር መንገድ። ጭጋግ። ጠርዙ አይታይም። አሥር ሰዓት ሙሉ መሪው ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። የኔ ዓይን ጤነኛ ነው።

ጥር 23፣ አርብ

እታለም ውሉን አላደሰችም። ኹሩጇ ተመቶ ዛሬ ከደማም በርራለች። እኔ አራር ማራገፊያ ላይ ተራ ስጠብቅ ነበር። ስደውል ኤርፖርት ደርሳ ነበር።

«ጠብቂኝ፤ ሰኞ እገባለሁ» አልኳት።

«ትኬቱ የዛሬ ነው።»

«እታለም፣ ሚስቴ ነሽ።»

«ሽማግሌያችን ማን እንደነበር ታውቃለህ» አለች። «አገር ሲገባ እሱን እጠይቀዋለሁ። ፍቺ ካለኝ እፈታለሁ፤ ታረቂ ካለኝ እታረቃለሁ። እሱ ይፍረድ።»

የኤርፖርቷ ሠራተኛ ፓስፖርት ስትላት ሰማሁ። እሺ አለቻት በአረብኛ። ለኔ ደህና ሁን አላለችም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ጋሼ ጉደታ ከሆስፒታል ወጥቶ ክፍላችን ገብቷል፤ ነገ አገሩ ይሄዳል። ለታ ነው የነገረኝ፤ እሱም ስለጠየቅኩት ነው። እኔ ሪያድ ነኝ፤ አልደርስም።

ምን እንደምለው ሳስብ ዋልኩ። ይቅርታ ብለው ምን ይበጀዋል? ቢሆንም አንድ ቃሉ ነው የሚያስፈልገኝ። እታለም የሚፈርደው እሱ ነው ብላለች። ያለ አስተርጓሚ፣ በራሴ ቋንቋ ልለምነው ነው። ማታ ነዳጅ ስቀዳ ደወልኩ።

አነሳው። የክፍላችን ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ አሳምነው ነኝ» አልኩት። «እባክህ አትዝጋው። ስለ እታለም ነው። ስለ ሁሉም ነው። በድዬሃለሁ።»

ያለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማ አፍሀም» አለኝ። አይገባኝም ማለቱ ነው።

«ጋሼ፣ በአማርኛ እኮ ነው የማናግርህ።»

«ማ አፍሀም» አለ እንደገና፤ ቃሉን አሳምሮ፣ ሳይቸኩል። ስልኩንም ዘጋው።